ፋይዳ ለምን በክፍል በክፍል ተሠራ? ከደቡብ ኦሞ የሚነሣ የአንድ ሰው መረጃ የሚያልፍባቸው በሮች

ጂንካ፦ ለፋይዳ ብሔራዊ መታወቂያ ተመዝግቦ ከጣቢያው የወጣ ሰው ብዙ ጊዜ ሦስት ጥያቄዎችን ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል። አሻራዬንም የዓይኔንም ምስል ከሰጠሁ ቁጥሬ ለምን እዚያው አልተሰጠኝም? ኔትወርክ በሌለበት ቀበሌ መመዝገቢያው እንዴት ሊሠራ ቻለ? ባንክ ሄጄ ማንነቴ ሲረጋገጥስ ባንኩ ስለ እኔ ምን ያህል ያውቃል?

ጥያቄዎቹ የተለያዩ ቢመስሉም መልሳቸው አንድ ቦታ ላይ ይገናኛል። ከፋይዳ በስተጀርባ ያለው ሶፍትዌር አንድ ወጥ ፕሮግራም አይደለም። እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ሥራ፣ የየራሳቸው መዝገብና የየራሳቸው በር ያላቸው፣ ባለሙያዎች ሞጁል የሚሏቸው ክፍሎች ስብስብ ነው። ይህ አከፋፈል ከሩቅ ሲታይ የኮምፒውተር ባለሙያዎች የውስጥ ጉዳይ ይመስላል። ሆኖም ከቱርሚ ወይም ከሐና የተመዘገበ አንድ አርብቶ አደር መረጃው በመንገድ ላይ እንዳይጠፋ፣ ከሌላ ሰው መረጃ ጋር እንዳይደባለቅና ለማይመለከተው ወገን እንዳይገለጥ የሚያደርገው በዋናነት ይኸው አከፋፈል ነው።

አንድ ግቢ፣ ብዙ ክፍል

ኮድ ማለት ሰው ለኮምፒውተር የሚጽፈው የሥራ መመሪያ ነው። ትንሽ መተግበሪያ በጥቂት መቶ መስመሮች ሊያልቅ ይችላል። ሚሊዮኖች በአንድ ጊዜ የሚጠቀሙበት፣ በኢንተርኔት የሚሠራ ትልቅ መተግበሪያ ግን በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ የኮድ መስመሮች ይኖሩታል። ይህን ሁሉ አንድ ላይ አደባልቆ መጻፍ ይቻላል፤ መጀመሪያ ላይም ሥራውን ያፋጥናል። ችግሩ የሚመጣው ቆይቶ ነው። የአንድን ሰው ስም የሚያርመው ገጽ ሲጠገን የክፍያው ገጽ ይበላሻል፤ ክፍያው ሲስተካከል ሪፖርቱ ይዛባል። የትኛው ክር ከየትኛው ጋር እንደተያያዘ የሚያውቅ ሰው ሥራውን ለቅቆ ከሄደ ደግሞ ኮዱን ለመንካት የሚደፍር አይገኝም።

የአሪ ገበሬ ግቢውን ሲያደራጅ ይህን አደጋ በራሱ መንገድ ሲከላከል ኖሯል። መኖሪያ ቤቱ፣ ጎተራው፣ የከብቱ በረትና የእንሰቱ ማሳ በአንድ ግቢ ውስጥ ናቸው፤ ግን አንዱ ከሌላው ተለይቶ በየራሱ ቦታ ይቀመጣል። ከብት እንሰት ስለሚበላ በረቱ በአጥር ይለያል። ምድጃ ያለበት ቤት ቢቃጠል ዘሩ እንዲተርፍ ጎተራው ራቅ ብሎ ይሠራል። ግቢው አንድ ነው፤ በአንዱ ክፍል የደረሰ ጉዳት ግን ሌላውን ይዞ አይጠፋም። ሶፍትዌርን በሞጁል ማደራጀትም በመሠረቱ ይኸው ነው።

የት ላይ መለየት ይገባል የሚለው ጥያቄ ግን ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1972 የኮምፒውተር ሊቁ ዴቪድ ፓርናስ በዚህ ጉዳይ ላይ ያሳተሙት ጥናት እስከ ዛሬ በዩኒቨርሲቲዎች ይጠቀሳል። የፓርናስ ሐሳብ ባጭሩ ሲቀመጥ፣ ፕሮግራምን በሥራው ቅደም ተከተል ብቻ ከመቁረጥ ይልቅ ወደፊት ሊለወጥ የሚችለውን እያንዳንዱን ውሳኔ በአንድ ክፍል ውስጥ ሸሽጎ መያዝ ይሻላል የሚል ነው። ወፍጮ ቤት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በቆሎ ይዞ የሚመጣ ደንበኛ ወፍጮው በናፍጣ ይሁን በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማወቅ አያስፈልገውም። እህሉን ያስመዝናል፣ ይከፍላል፣ ዱቄቱን ይወስዳል። ባለወፍጮው ነገ ሞተሩን ቢቀይር ደንበኛው የሚመጣው በዚያው ከረጢትና በዚያው መንገድ ነው። በሩ ሳይለወጥ ውስጡ ሊለወጥ መቻሉ የጥሩ ሞጁል ምልክት ነው።

ከባንጋሎር የተነሣ፣ ስሙም የሚናገር

ፋይዳ የተገነባው ሞሲፕ በተባለ የሶፍትዌር መሠረት ላይ ነው። ሞሲፕ የሚለው ምኅፃረ ቃል በአማርኛ ሲፈታ «በሞጁል የተደራጀ፣ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ የማንነት መድረክ» እንደ ማለት ነው። በሞጁል መደራጀቱ ስሙ ውስጥ ሳይቀር ገብቷል።

ሥራው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2018 በህንድ ባንጋሎር ከተማ በሚገኘው ዓለም አቀፍ የመረጃ ቴክኖሎጂ ተቋም ነው። ህንድ ከዚያ ቀደም አድሃር በተሰኘው ሥርዓቷ ከአንድ ቢሊዮን በላይ ሰዎችን መዝግባ ነበር። አድሃር ግን ለህንድ ብቻ የተሠራ በመሆኑ ሌላ አገር እንዳለ ሊወስደው አይችልም ነበር። የሞሲፕ ሐሳብ እያንዳንዱ አገር የሚያስፈልገውን ክፍል መርጦ፣ ከራሱ ሕግና ባህል ጋር አስማምቶ እንዲገነባበት የሚያስችል የጋራ መሠረት ማዘጋጀት ነበር። ሞሮኮና ፊሊፒንስ ቀድመው ከተጠቀሙበት አገሮች መካከል ናቸው፤ ኢትዮጵያም ይህንኑ መንገድ መርጣለች። በ2015 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ለፋይዳ ሕጋዊ መሠረት ሰጥቶታል።

የመጀመሪያው በር፦ ኔትወርክ የማይጠብቅ ምዝገባ

መዝጋቢው በጣቢያው የሚጠቀምበት ኮምፒውተር በሞሲፕ ንድፍ ራሱን የቻለ ሞጁል ይዟል። ይህ ሞጁል ከዋናው ማዕከል ጋር ሳይገናኝ መሥራት ይችላል። የተመዝጋቢውን ሙሉ ስም፣ የትውልድ ዘመን፣ ጾታና አድራሻ፣ የአሥር ጣቶቹን አሻራ፣ የሁለቱን ዓይኖቹን አይሪስና የፊቱን ምስል ይቀበላል። ከዚያም ሁሉንም በአንድ ጥቅል አሽጎ በምስጢራዊ ቁልፍ ይመሰጥረዋል። ኢንተርኔት ሲገኝ ጥቅሉ ወደ ማዕከሉ ይላካል።

ይህ ለደቡብ ኦሞ ትልቅ ትርጉም አለው። በሳላማጎ ወይም በኛንጋቶም ቀበሌዎች ኔትወርክ በሁሉም ቦታ አይገኝም፤ መብራት በሌለበት ደግሞ ጄኔሬተር ወይም ባትሪ ያስፈልጋል። ምዝገባውና ማጣሪያው በአንድ ኮድ ውስጥ ተጣብቀው ቢሆን ኖሮ ግንኙነቱ በተቋረጠ ቁጥር ሰልፉ ይቆም ነበር። አሁን ግን መዝጋቢው ለምሳሌ በዲመካ የገበያ ቀን ሲመዘግብ ውሎ፣ ማምሻውን ወይም በማግሥቱ ኔትወርክ ካለበት ከተማ ሆኖ ጥቅሎቹን ሊልክ ይችላል።

የመጀመሪያው ጥያቄ መልስም እዚህ ይጀምራል። ተመዝጋቢው ከጣቢያው ሲወጣ ያጠናቀቀው የመጀመሪያውን በር ብቻ ነው። በእጁ የሚሰጠው ወረቀት የምዝገባ ቁጥር እንጂ የፋይዳ ቁጥር አይደለም። ጥቅሉ ገና ኮምፒውተሩ ውስጥ ሊሆን ይችላል። ወደ ማዕከሉ ደርሶም ተራ እየጠበቀ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው በር፦ የማጣሪያው መስመር

ማዕከሉ የደረሰ ጥቅል በአንድ ጊዜ አይከፈትም። ተከታታይ ጣቢያዎች ባሉት መስመር ላይ ይጓዛል። አንደኛው ጣቢያ ጥቅሉ በመንገድ ላይ አለመነካቱን ያረጋግጣል። ቀጣዩ መረጃው የተሟላ መሆኑን ይመለከታል። ሌላው መዝጋቢው ፈቃድ ያለው ሰው መሆኑንና ምዝገባው በተመዘገበ መሣሪያ መከናወኑን ይፈትሻል። እያንዳንዱ ጣቢያ ሥራውን ሲጨርስ ለሚቀጥለው መልእክት ይተዋል፤ ቀጣዩም በራሱ ፍጥነት ያነሣዋል።

ቡና ለሚያለማ ሰው ይህ እንግዳ አይሆንም። እሸት ቡና ይለቀማል፣ ይፈለፈላል፣ ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ ይለቀማል፤ ከዚያ በኋላ ነው ለገበያ የሚቀርበው። ማድረቂያ አልጋው ቢሞላ መፈልፈያው ለጊዜው ሊቆይ ይችላል፤ ታጥቦ የተቀመጠው ቡና ግን አይጣልም። በማጣሪያው መስመርም አንዱ ጣቢያ ለጥገና ቢቆም የደረሱት ጥቅሎች ወረፋ ይዘው ይጠብቃሉ። ጣቢያው ሲመለስ ሥራው ካቆመበት ይቀጥላል። በቀበሌ ያለው ምዝገባም ይህን ሳያውቅ ሥራውን ይቀጥላል።

ሦስተኛው በር፦ አንድ ሰው፣ አንድ ቁጥር

ከጣቢያዎቹ ሁሉ ከባዱ አንድ ሰው ሁለት ጊዜ አለመመዝገቡን የሚያጣራው ነው። በደቡብ ኦሞ ይህን በስም ማወቅ አይቻልም። በሐመር፣ በሙርሲ፣ በቦዲና በኛንጋቶም ማኅበረሰብ አንድ ወንድ ከተወለደበት ስም ሌላ በሚወደው በሬ የሚጠራበት ስም ሊኖረው ይችላል፤ ትምህርት ቤት ሲገባ ደግሞ ሦስተኛ ስም ይጨመርለታል። ስሙ በአማርኛ ሲጻፍም እንደ ጸሐፊው ጆሮ ይለያያል። የተወለደበትን ቀን በትክክል የማያውቀውም ብዙ ነው።

በዚህ ምክንያት ሥርዓቱ የሚመካው በአሻራ፣ በአይሪስና በፊት ነው። አዲሱ ተመዝጋቢ ቀደም ሲል ከተመዘገቡት ሁሉ ጋር ይነጻጸራል። አሥር ሚሊዮን ሰው ተመዝግቦ ከሆነ የአንዱ አዲስ ሰው መረጃ ከአሥሩ ሚሊዮን ጋር መመዘን አለበት። ሥራው ኃይለኛ ኮምፒውተርና ጊዜ ይጠይቃል። ቁጥሩ ከምዝገባው ጋር አብሮ የማይሰጥበት ሌላው ምክንያት ይህ ነው። ተመሳሳይነት ተገኝቶ ማሽኑ መወሰን ካልቻለ ጉዳዩ በሰው እንዲታይ ይመራል።

የሞጁል አደረጃጀት እዚህ ላይ ሁለት ጥቅም ይሰጣል። አንደኛ፣ የማነጻጸሪያው ክፍል የሚደርሰው የአሻራው፣ የአይሪሱና የፊቱ መረጃ ከአንድ መለያ ኮድ ጋር ብቻ ነው፤ ስምና አድራሻ አይላክለትም። ጣቶቹን የሚመዝነው ክፍል የማን ጣቶች እንደሆኑ አያውቅም። ሁለተኛ፣ ይህ ክፍል በተለያዩ ኩባንያዎች ሊሠራ የሚችል በመሆኑ የመገናኛው በር አስቀድሞ ተደንግጓል። አገሪቱ አንዱ አቅራቢ ካልተስማማት በሌላ ልትተካው ትችላለች፤ ለዚህ ሲባል መዝጋቢዎችን እንደገና ማሠልጠን ወይም ሕዝቡን እንደገና መመዝገብ አያስፈልጋትም። አንድ አገር የሕዝቡን መዝገብ በአንድ ኩባንያ እጅ ላይ ጥሎ እንዳይቀር የሚያደርገው አንዱ መንገድ ይህ ነው።

የጉልበት ሠራተኞች ጉዳይም በዚህ ይታያል። ለዓመታት ሞፈርና ዶማ የያዘ ጣት አሻራው ይደበዝዛል፤ ማሽኑም ሊያነብበው ይቸገራል። አሻራ፣ አይሪስና ፊት እያንዳንዳቸው ተለይተው ስለሚያዙ ግን አንዱ ቢጎድል በሌላው መለየት ይቻላል።

አራተኛው በር፦ ባንኩ የሚያየውና የማያየው

ማጣሪያውን ያለፈ ሰው 12 አኃዝ ያለው የፋይዳ ቁጥር ይሰጠዋል። መረጃውም በማንነት መዝገቡ ውስጥ ተመስጥሮ ይቀመጣል። ከዚህ በኋላ ግለሰቡ ባንክ ሄዶ ሒሳብ ሲከፍት የሚሠራው ሌላ ሞጁል ነው፤ የማረጋገጫው ክፍል።

የማረጋገጫው ክፍል ከዋናው መዝገብ ተለይቶ የራሱ የመረጃ ቋት አለው። ባንኩ «ይህ ቁጥርና ይህ አሻራ የአንድ ሰው ናቸው?» ብሎ ይጠይቃል፤ የሚሰጠው መልስ አዎ ወይም አይደለም ነው። በአሻራ ፋንታ በተመዘገበው ስልክ ላይ የሚላክ የአንድ ጊዜ የምስጢር ቁጥርም ማረጋገጫ ሊሆን ይችላል። ባንኩ ስምንና አድራሻን የመሰለ ተጨማሪ መረጃ ሲፈልግ በባለቤቱ ፈቃድ፣ ለእርሱ የተፈቀደለትን ያህል ብቻ ያገኛል። ዋናውን መዝገብ ገልጦ የማየት በር ግን አልተከፈተለትም።

ብሔራዊ ባንክ ለሒሳብ መክፈቻ ፋይዳ እንዲጠየቅ ደረጃ በደረጃ በመወሰኑ ጉዳዩ የጂንካን ነጋዴም የማሌን ገበሬም ይመለከታል። ለአንድ ባንክ የተሰጠ ማረጋገጫ የጤና መረጃ፣ የመሬት ይዞታ ወይም የሌላ ባንክ ሒሳብ ማየት ማለት አይደለም። እነዚህ መረጃዎች በፋይዳ ውስጥ አይገኙም። የዚህ ንድፍ አንዱ ጥንካሬ ጥቂት ነገር ብቻ መሰብሰቡ ነው። ሕጉም ይህን ይደግፋል፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰዎችን መረጃ የሚይዙ ተቋማት ለተሰበሰበበት ዓላማ ብቻ እንዲጠቀሙበት ያስገድዳል።

ለውጥ ሲመጣ

አንድ ሥርዓት በደንብ መደራጀቱ የሚፈተነው ለውጥ ሲመጣ ነው። ባንጋሎር የተጻፈ ኮድ ኢትዮጵያ ሲደርስ የገጠመው የመጀመሪያ ለውጥ የስም ጉዳይ ነበር። በብዙ አገሮች የቤተሰብ ስም አለ፤ በኢትዮጵያ ሰው የሚታወቀው በራሱ፣ በአባቱና በአያቱ ስም ነው። የዘመን አቆጣጠሩ ይለያል፤ ፊደሉ ይለያል፤ መረጃው በአማርኛና በእንግሊዝኛ መቀመጥ አለበት። አድራሻው በክልል፣ በዞን፣ በወረዳና በቀበሌ ይከፈላል። በሞሲፕ ምን ምን መረጃ እንደሚሰበሰብ የሚወስነው ክፍል ከቀረው ኮድ ተለይቶ ስለተቀመጠ ይህ ሁሉ ሲለወጥ አሻራ የሚያነጻጽረው ክፍል መነካት አላስፈለገውም።

ሌላው ለውጥ በቅርብ የታየ ነው። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ጂንካ ከክልሉ የማዕከል ከተሞች አንዷ ሆናለች። ከዚያ በፊት የተመዘገበ ሰው አድራሻው «ደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል» ይል ነበር። የአስተዳደር ወሰን በሚለወጥበት አገር የቦታዎች ስም ዝርዝር በአንድ ቦታ ተለይቶ ካልተያዘ፣ በኮዱ ውስጥ በየገጹ የተበተነውን የክልል ስም እየፈለጉ መቀየር ለወራት የሚዘልቅ ሥራ ይሆናል። ፓርናስ ሊለወጥ የሚችለውን ሸሽጉ ያሉት ለእንዲህ ያለው ቀን ነው።

መታወቂያው ራሱ ሲጠፋም ልዩነቱ ይታያል። በነሐሴ 1998 ዓ.ም. የኦሞ ወንዝ ሞልቶ በደቡብ ኦሞ ከ300 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። ከዚያም ወዲህ በዳሰነች ወረዳ ጎርፍ በተደጋጋሚ ነዋሪዎችን አፈናቅሏል። በእንዲህ ያለ ጊዜ የወረቀት መታወቂያ አብሮ ይጠፋል፤ የቀበሌው መዝገብም ውኃ ሊገባበት ይችላል። ካርድ የሚያትመው ክፍል ከማንነት መዝገቡ የተለየ በሆነበት ሥርዓት ግን የጠፋው ካርዱ ብቻ ነው። ሰውየው በዓይኑ ወይም በጣቱ ታውቆ ካርዱን እንደገና ማሳተም ይችላል።

መከፋፈል የሚያስከፍለው ዋጋ

የሞጁል አደረጃጀት ያለ ዋጋ አይመጣም። የመጀመሪያው ዋጋ ጊዜ ነው። መረጃ ከበር ወደ በር ሲያልፍ በየመሃሉ መጠበቅ አለ። የአንድ ሰው ጥቅል ሳይደርስ ሲቀር ደግሞ የት ላይ እንደቆመ ማወቅ ከባድ ይሆናል። ኮምፒውተሩ ውስጥ ቀርቷል? በማጣሪያው መስመር ተይዟል? ወይስ የሰው ውሳኔ እየጠበቀ ነው? ተመዝጋቢው የሚያየው ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የስልክ መልእክቱ አልመጣም። ክፍሎቹ በበዙ ቁጥር የጥቅሉን ዱካ ለመዝጋቢውም ለተመዝጋቢውም የሚያሳይ ግልጽ መንገድ መኖሩ የግድ ነው። ይህ ከሌለ ለባለሙያው የሚመች አከፋፈል ለተገልጋዩ ግድግዳ ይሆንበታል።

ሁለተኛው ዋጋ የባለሙያና የመሣሪያ ነው። ብዙ ክፍል ማለት ብዙ ሰርቨር፣ ብዙ ክትትልና በሮቹን የሚጠብቅ ቡድን ማለት ነው። አንደኛው ክፍል በሩን ሳያሳውቅ ቢቀይር ሌላው ይሳሳታል። ስለዚህ በክፍሎች መካከል ያለው ስምምነት በጽሑፍ ሰፍሮ፣ በየጊዜው መፈተሽ አለበት።

ሦስተኛው ከሁሉም ይከብዳል። በመጀመሪያው በር የገባ ስሕተት በቀሩት በሮች ሁሉ ያልፋል። መዝጋቢው የአንዲትን እናት ስም ወይም የአባቷን ስም አሳስቶ ቢጽፍ ጥቅሉ በደንብ ይታሸጋል፣ በደንብ ይመሰጠራል፣ ማጣሪያውንም ያልፋል። አሻራዋ ትክክል ነውና ቁጥር ይሰጣታል፤ ስሟ ግን የእርሷ አይደለም። የትኛውም ሞጁል ይህን ሊያውቅ አይችልም። የሚያውቁት እርሷና አጠገቧ ሆኖ ቋንቋዋን የሚሰማ ሰው ብቻ ናቸው። በዞኑ በሚኖሩ ብሔረሰቦች ብዛት ልክ ቋንቋ በሚነገርበት ምድር መዝጋቢው ከአስተርጓሚ ጋር መሥራቱና ስሙን ጮክ ብሎ አንብቦ ማረጋገጡ ለሥርዓቱ ትክክለኛነት ከኮዱ ያነሰ ሚና የለውም።

በአካባቢው ሥርዓት ለሚሠሩ

ጉዳዩ ከፋይዳም ያልፋል። በጂንካ ዩኒቨርሲቲ ሶፍትዌር የሚማሩ ወጣቶች ነገ ለወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት፣ ለኅብረት ሥራ ማኅበር ወይም ለከብት ገበያ መተግበሪያ ሊሠሩ ይችላሉ። እነርሱም ከፋይዳ የሚወስዱት ትምህርት አለ።

የገበሬዎችን ዝርዝር፣ የማዳበሪያ ሥርጭትን፣ የመሬት ይዞታንና የእንስሳት ክትባትን የሚይዝ አንድ መተግበሪያ ይታሰብ። የማዳበሪያ ዋጋ በየዓመቱ ይለወጣል። የመሬት ወሰን ግን በውርስና በክፍፍል ካልሆነ በቀር አይለወጥም። የክትባት መርሐ ግብር በሽታ ሲነሣ በድንገት ይቀየራል። በተለያየ ምክንያትና በተለያየ ጊዜ የሚለወጡ ነገሮች በተለያየ ክፍል ሊቀመጡ ይገባል። የገበሬው ማንነት በአንድ ቦታ ተይዞ ሌሎቹ ክፍሎች በቁጥር ብቻ ሊጠቅሱት ይችላሉ። እያንዳንዱ ክፍል የገበሬውን ስም ለየብቻው ከጻፈ አንዱ ሰው በአራት አጻጻፍ አራት ሰው ሆኖ ይቆጠራል፤ የማዳበሪያው ድርሻም ይዛባል።

ይህ ማለት ግን ትንሹን መተግበሪያ እንደ ሞሲፕ በብዙ ሰርቨሮች ላይ መበተን ማለት አይደለም። ፋይዳ የተነደፈው 90 ሚሊዮን ሰዎችን ለመመዝገብ ነው፤ የአንድ ወረዳ ሥራ ያን ያህል ወጪ አይሸከምም። ለእንዲህ ያለው ሥራ በአንድ ሰርቨር ላይ የሚሠራ፣ ነገር ግን ኮዱ በውስጡ በግልጽ ክፍሎች የተለየ አንድ ፕሮግራም ይበቃል። ሥራው ሲሰፋ በሥርዓት የተለየውን ክፍል አውጥቶ ለብቻው ማቆም ይቻላል። ተደባልቆ የተጻፈውን ግን መለየት እንደገና ከመጻፍ አይተናነስም።

እ.ኤ.አ. በ1968 ሜልቪን ኮንዌይ የተባሉ ባለሙያ ያሳተሙት አስተያየትም እዚህ ይጠቅማል። ተቋማት የሚሠሩት ሥርዓት የራሳቸውን የግንኙነት መልክ ይይዛል ይላሉ። ግብርናና መሬት አስተዳደር የማይነጋገሩ ጽሕፈት ቤቶች ከሆኑ የሚሠሩላቸው ሁለት ክፍሎችም በደንብ አይነጋገሩም። የኮዱ ድንበር ከመሰመሩ በፊት የሚመለከታቸው ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ መቀመጥ ያለባቸው ለዚህ ነው።

ተመዝጋቢው ማድረግ የሚገባው

የሥርዓቱን አደረጃጀት ማወቅ ለተመዝጋቢው ተግባራዊ ጥቅም አለው።

ስሕተት በመጀመሪያው በር ላይ ካልተያዘ በኋላ ለማረም ሌላ ጉዞ ስለሚጠይቅ፣ ከጣቢያው ከመነሣት በፊት ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስምና የትውልድ ዘመን በኮምፒውተሩ ላይ እንዴት እንደተጻፈ ማየት ወይም ማስነበብ ይገባል። ማንበብ ለማይችል ሰው ልጁ ወይም ጎረቤቱ ሊያነብለት ይችላል። ሰነድ የሌለው ሰውም በምስክር የሚመዘገብበት አሠራር ስላለ ወረቀት የለኝም ብሎ መቅረት አይኖርበትም።

የምዝገባ ቁጥሩ ያለበት ወረቀት የፋይዳ ቁጥሩ እስኪመጣ ድረስ በጥንቃቄ ሊቀመጥ ይገባል፤ ጥቅሉ የት እንደደረሰ የሚጠየቀው በዚያ ቁጥር ነው። የሚሰጠው ስልክ የራስ ወይም የቅርብ ቤተሰብ መሆን አለበት። በዚያ ስልክ የሚመጣውን የአንድ ጊዜ የምስጢር ቁጥር ደግሞ የባንክ ሠራተኛ ነኝ ለሚል ደዋይ ጭምር መስጠት አይገባም። ባለሙያዎች በየክፍሉ ያቆሙት በር ሁሉ በዚያች ቁጥር ሊከፈት ይችላልና የመጨረሻው በር ጠባቂ ባለቤቱ ራሱ ነው።